እጅ የማይደርስባቸው የወጥ ቤት ስፍራዎች፦ እድፉ ከምን እንደተሠራና በምን እንደሚለቅ

የዓውደ ዓመት ዋዜማ ጽዳት ብዙውን ጊዜ ዓይን የሚያርፍበትን ይከተላል። ወለሉ ይታጠባል፣ ድስቱ በሽቦ ይፈተጋል፣ ብርጭቆው ይወለወላል። ከምድጃው ጀርባ ያለው ግድግዳ፣ የካቢኔው አናት፣ የፍሪጁ በር ጎማ እጥፋት፣ በሲንኩ ሥር የሚታጠፈው ቱቦና ከብሌንደሩ ቢላ ሥር የምትገኘው የጎማ ቀለበት ግን ከበዓል ወደ በዓል ይተላለፋሉ። ዛሬስ አልተዋቸውም ብሎ የተነሣ ሰውም ቢሆን የዱቄት ሳሙና፣ በረኪናና አቼቶ ሰብስቦ ሁሉንም ቦታ በሁሉም ሲፈትግ ይውልና ግማሹ እድፍ ሳይለቅ ክንዱ ይዝላል። ይህ የሚሆነው ጉልበት አንሶት አይደለም፤ ወጥ ቤት ውስጥ የሚከማቸው እድፍ በባሕርዩ አንድ ዓይነት ስላልሆነ፣ ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው ምንም ስለማይፈይድ፣ አንዳንዴም ጭራሽ ስለሚያጣብቀው ነው።

በጥቅሉ አራት ዓይነት ቆሻሻ አለ። የመጀመሪያው ቅባት ነው። ሁለተኛው ውሃ ራሱ ሲደርቅ ጥሎት የሚሄደው ነጭ የኖራ ንጣፍ ነው። ሦስተኛው ከሊጥ፣ ከሽሮ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከሥጋ የሚቀረው የስታርችና የፕሮቲን ቅሪት ሲሆን፣ አራተኛው እርጥበት በማይለያቸው ቦታዎች ባክቴሪያና ሻጋታ እየተራቡ የሚሠሩት የሚያሟልጭ ስስ ሽፋን ነው። ቅባት በሳሙናና በአልካሊ ይለቃል፤ ኖራ በአሲድ ብቻ ይሟሟል፤ ሊጥ ቀዝቃዛ ውሃና ትዕግሥት ይፈልጋል፤ የሚያሟልጨው ሽፋን ደግሞ በቅድሚያ ካልተፈተገ ምንም ዓይነት በረኪና ቢደፋበት ከሥሩ አይሞትም። ስለዚህ ወደ አንድ ጥግ ከመዝመት በፊት መጠየቅ ያለበት «እዚህ የተለጠፈው ከአራቱ የትኛው ነው?» የሚለው ነው።

ሌላው ነገር ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ሄርበርት ዚነር የተባለ የጀርመኑ ሄንኬል ኩባንያ ባለሙያ ማንኛውም ጽዳት በአራት ነገሮች ድምር እንደሚሠራ በአንድ ክብ ሥዕል አሳይቶ ነበር፤ እነሱም የማጽጃው ኬሚካል፣ ሙቀት፣ መፈተግና ጊዜ ናቸው። ከአራቱ አንዱ ሲቀንስ ሌሎቹ የእሱን ድርሻ መሸፈን አለባቸው። በአብዛኛው ቤት ዘወትር የሚጓደለው ጊዜ ነው፤ ሳሙናው እንደተቀባ ወዲያው መፈተግ ይጀመራል፣ ሃያ ደቂቃ መዘፍዘፍ ሊሠራው የሚችለውን ሥራም እጅ እንዲሠራው ይገደዳል። በግሌ ከየትኛውም ውድ ማጽጃ ይልቅ በሙቅ የሳሙና ውሃ ርሶ እድፉ ላይ የተለጠፈ አሮጌ ጨርቅ ይበልጥብኛል።

ግድግዳ ላይ የሚደርቀው ዘይት

የእኛ ወጥ የሚጀምረው ሽንኩርት ከማቁላላት ነው፤ ቁሌቱ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። ከሽንኩርቱ የሚወጣው እንፋሎት ጥቃቅን የዘይት ጠብታዎችን ተሸክሞ ይወጣና ቀዝቀዝ ያለ ገጽ ሲያገኝ እዚያ ያራግፋቸዋል። ምድጃው አጠገብ ያለው ግድግዳ ቅርብ ስለሆነና ስለሚታይ አንዳንዴ ይወለወላል፤ የካቢኔው አናት፣ የአምፖሉ መያዣ፣ የመጋረጃው ዘንግ፣ የፍሪጁ ጣሪያና የመስኮቱ ክፈፍ ግን ከሰው ቁመት በላይ ስለሆኑ ጠብታውን በዝምታ ይሰበስባሉ።

ይህ ዘይት ትኩስ እያለ በደረቅ ጨርቅ ይነሣል። ከወራት በኋላ ግን የሚጣበቅ ቢጫ ሽፋን ይሆንና በውሃ የረጠበ ጨርቅ ያንሸራትተዋል እንጂ አያነሣውም። ምክንያቱ ኬሚካላዊ ነው። እንደ ኑግና ሱፍ ያሉ ዘይቶች በአብዛኛው የተሠሩት ሊኖሌይክ አሲድ ከሚባለው ቅባት ሲሆን፣ ይህ ቅባት ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ሞለኪውሎቹን እርስ በርስ ያቆላልፋቸዋል፤ ሙቀት ደግሞ ሂደቱን ያፋጥነዋል። የተልባ ዘይት ለቀለምና ለእንጨት ቫርኒሽ መሥሪያ የሚያገለግለውም በዚሁ ጠባዩ ነው። በሌላ አነጋገር ካቢኔው አናት ላይ ያለው ነገር ቆሻሻ ብቻ ሳይሆን ቤት ውስጥ የተሠራ ቫርኒሽ ነው፤ አቧራውም፣ የበርበሬው ብናኝም፣ የእጣኑና የቡና ቆላው ጭስም እርጥብ እያለ ያዙትና አብረው ደረቁ።

ይህን ሽፋን ለማንሣት ፈሳሽ የእቃ ሳሙና በሙቅ ውሃ በጥብጦ ጨርቅ መንከርና ጨርቁን እድፉ ላይ ለጥፎ ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ ደቂቃ መተው ያስፈልጋል። ውሃው የግድ መፍላት የለበትም፤ የጎማ ጓንት ያደረገ እጅ የሚችለው ሙቀት ይበቃል። ከዚያ የለሰለሰውን ጊዜው ባለፈበት የስልክ ወይም የባንክ ካርድ ጠርዝ መግፈፍ፣ የቀረውን ደግሞ እንደገና መዘፍዘፍ ነው። በጣም ያረጀው በሁለት ዙር ይለቃል። ሽፋኑ ስስና ሙጫ መሰል ከሆነ ጥቂት አዲስ ዘይት ቀብቶ ማሸትም ይሠራል፤ አዲሱ ዘይት አሮጌውን ያላላውና ሁለቱም በሳሙና አብረው ይነሣሉ። ነገሩ ግራ ቢመስልም ለቀለም ቅብ እንጨት ከሽቦ ይልቅ የዋህ ነው።

ሳሙና ብቻ ካልበቃ አልካሊ ይጨመራል። በገበያ የሚገኘው የልብስ ዱቄት ሳሙና ውስጥ በአብዛኛው ሶዲየም ካርቦኔት አለ፤ ይህ ንጥረ ነገር የቅባቱን የተወሰነ ክፍል ራሱን ወደ ሳሙናነት ይለውጠዋል። እናቶቻችን ድስት በአመድ ሲፈትጉ ያደርጉት የነበረው ይኸው ነው፤ የእንጨት አመድ ፖታሲየም ካርቦኔት ስላለው በአንድ በኩል ቅባቱን ይሰብራል፣ በሌላ በኩል በሻካራነቱ ይፍቃል። አልካሊ የማይወዱ ነገሮች ግን አሉ፤ አሉሚኒየም በጠንካራ ሶዳ ይጠቁራል፣ የካቢኔ ቀለምም ይነሣል፤ ስለዚህ በማይታይ ጥግ ላይ መሞከር ይገባል።

እዚህ ላይ በማኅበራዊ ሚዲያ እየተደጋገመ የሚታየውን የቤኪንግ ሶዳና የአቼቶ ድብልቅ ማንሣት ያስፈልጋል። ሁለቱ ሲገናኙ አረፋው ያምራል፤ አረፋው ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አሲዱና አልካሊው እርስ በርስ ይተላለቁና የሚቀረው ከውሃ ብዙም የማይሻል ቀላል የጨው ውህድ ይሆናል። ሶዳው ለብቻው ቅባት ላይ፣ አቼቶው ለብቻው ኖራ ላይ ቢውሉ ሁለቱም በሠሩ ነበር።

ከጸዳ በኋላ የካቢኔውን አናት አሮጌ ጋዜጣ ማልበስ ቀጣዩን ጽዳት ያቀለዋል፤ በየጥቂት ወሩ ወረቀቱን ጠቅልሎ መጣልና ሌላ ማንጠፍ ነው። በአሜሪካ የአፓርትመንት ወጥ ቤት ያላቸው ወገኖቻችን ደግሞ ከምድጃው በላይ የተሰቀለውን ማይክሮዌቭ ከሥሩ ቀና ብለው ቢያዩ፣ ተንሸራትቶ የሚወጣ የብረት ወንፊት ያገኛሉ። ጭሱን እየሳበ የሚያጣራው እሱ ነው። በሙቅ ውሃና በእቃ ሳሙና ተዘፍዝፎ በለስላሳ ብሩሽ መታጠብ አለበት፤ ሳይታጠብ ሲቆይ ጭሱን መሳብ ያቆማል፣ ቅባት የጠገበ ወንፊት ደግሞ ከእሳት በላይ መሰቀሉ በራሱ አደጋ ነው።

ምጣዱና ሊጡ

ግድግዳ ላይ ጠላት የሆነው የደረቀ ዘይት ምጣድ ላይ ወዳጅ ነው። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ሲሟሽ የሚሆነው ያው ነው፤ ዘይቱ በሙቀት ከሸክላው ጋር ተዋህዶ ይደርቅና እንጀራው እንዳይጣበቅ የሚያደርገውን ጥቁር ልስልስ ገጽ ይሠራል። ስለዚህ የምጣዱ ፊት በሳሙና አይታጠብም፣ በሽቦም አይፋቅም። ሸክላው ሳሙናውን ይጠጣዋል፤ በሽቦ የተፋቀውም ዳግመኛ መሟሸት ይኖርበታል። ለፊቱ ደረቅ ማሰሻ ይበቃዋል፤ ማሰሻው ራሱ ግን ያሮጌ ዘይት ሽታ ካመጣ ታጥቦ ሊደርቅ ወይም ሊለወጥ ይገባዋል።

የሚዘነጋው ፊቱ ሳይሆን ዙሪያው ነው። በኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ በሸክላውና በብረት አቃፊው መካከል ባለው ክፍተት የፈሰሰ ሊጥ ይገባና በየጋገራው እየተቃጠለ ይከሰላል፤ እግሮቹ ሥርም ጠብታው ደርቆ ይቀመጣል። ጽዳቱ የሚጀመረው ሶኬቱን ነቅሎ ምጣዱ ሙሉ በሙሉ እስኪበርድ በመጠበቅ ነው። ትኩስ ሸክላ ላይ ውሃ ማፍሰስ ይሰነጥቀዋል፤ ከሸክላው ሥር የኤሌክትሪክ ሽቦው ስላለም ውሃ ወደዚያ መዝለቅ የለበትም። ክፍተቱን በደረቅ ብሩሽ መጥረግ፣ የከሰለውን በእንጨት ስንጥር መፈልፈል፣ ብረቱን ደግሞ ተጨምቆ በወጣ እርጥብ ጨርቅ መጥረግ ነው። ክዳኑ ግን ተለይቶ ሊታጠብ ይችላል። እንፋሎቱ የሚሰበሰብበት የውስጥ ጠርዙ ላይ የሚታየው ቡናማ ንጣፍ የስታርችና የኖራ ድብልቅ ስለሆነ በቅድሚያ መዘፍዘፍ፣ ከዚያ በሎሚ ማሸት ይፈልጋል።

የሊጥ ባልዲን በፈላ ውሃ ማጠብ ብዙ ሰው የሚሠራው ስሕተት ነው። ስታርች ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ሙቀት ውስጥ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ሙጫ ይሆናል፤ አብሲት የሚጣለው እኮ በዚሁ ጠባይ ለመጠቀም ነው። በባልዲው ጠርዝና በእጀታው መጋጠሚያ ላይ የደረቀ የጤፍ ሊጥ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ከቆየ በጣት ይነሣል፤ ሙቅ ውሃ ካገኘው ግን ይለጠፋል። እንቁላል፣ ወተትና ደምም እንዲሁ ናቸው፤ ፕሮቲን በሙቀት ይረጋልና መጀመሪያ በቀዝቃዛ፣ ቀጥሎ በሙቅ የሳሙና ውሃ ይታጠባል።

ሲንኩና ቱቦው

በሲንኩ ቱቦ ውስጥ ያለው ቅባት ከግድግዳው ይለያል። ቅቤም ሆነ በተለምዶ የሚረጋ ዘይት የሚባለው የፓልም ዘይት ከ35 ዲግሪ ገደማ በታች መጠጠር ይጀምራሉ። ከድስቱ ጋር በሙቅ ውሃ ሲታጠቡ ፈሳሽ ሆነው ይወርዳሉ፤ ግን ጥቂት ክንድ ርቀት እንደሄዱ ቱቦው ቀዝቃዛ ነውና ግድግዳው ላይ ይረጋሉ። የአዲስ አበባ ሌሊት ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። በረጋው ቅባት ላይ የቡና አተላ፣ ሩዝና የሽንኩርት ልጣጭ ይያዛሉ፤ ቱቦው ከዓመት ዓመት ይጠብባል። የፈላ ውሃ መድፋት ቅባቱን ከአንድ ቦታ አንሥቶ ራቅ ያለ፣ እጅ ጨርሶ የማይደርስበት ቦታ ላይ ያስቀምጠዋል። እውነተኛው መፍትሔ ድስቱን ከመታጠቡ በፊት በወረቀት ወይም በቁራሽ እንጀራ መጥረግና የተረፈ ዘይትን በፕላስቲክ ጠርሙስ አጠራቅሞ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር መጣል ነው።

ቱቦው ሲንኩ ሥር ታጥፎ የሚሠራው ቅርጽ፣ ባለሙያዎች ሲፎን የሚሉት፣ ሁልጊዜ ጥቂት ውሃ ይዞ እንዲቀር ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ያ ውሃ ከፍሳሽ መስመሩ የሚመጣውን ሽታና በረሮ የሚያግድ ቡሽ ነው። ቤቱ ለሳምንታት ተዘግቶ ሲቆይ ውሃው ስለሚደርቅ ሽታ ይወጣል፤ ያኔ የሚያስፈልገው ማጽጃ ሳይሆን አንድ ጆግ ውሃ ነው። ሽታው በየቀኑ ካለ ግን ሲፎኑ ውስጥ የበሰበሰ ነገር አለ ማለት ነው። የፕላስቲክ ሲፎን በአብዛኛው ያለ መፍቻ በእጅ ይፈታል፤ ባልዲ ከሥሩ አድርጎ ቀለበቶቹን ማላላት፣ ውስጡን በጠርሙስ ብሩሽና በሳሙና ማጠብ፣ የጎማ ማሸጊያዎቹን በቦታቸው መመለስ፣ ከዚያ ውሃ ለቅቆ መንጠባጠቡን በደረቅ ወረቀት መፈተሽ ነው። ይህ በጠቅላላው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ካስቲክ ሶዳ መድፋት የመጨረሻው አማራጭ መሆን አለበት፤ ከውሃ ጋር ሲገናኝ በኃይል ይሞቃል፣ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፣ አልከፍት ካለም ቱቦውን ለሚፈታው ሰው በመርዝ የተሞላ ሲፎን ትቶ ይሄዳል።

የቧንቧው አፍ ላይ የምትጠመዘዘውን ትንሽ ወንፊት የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር መስመሩ ባዶ ሆኖ ሲመለስ ዝገትና አሸዋ ይዞ ይመጣል፤ ያ ሁሉ እዚያች ወንፊት ላይ ይቀራል። ፍሰቱ ሲቀንስ ብዙዎች የግፊት ችግር ይመስላቸዋል። ወንፊቷን ፈትቶ ማጠብና አቼቶ ውስጥ ለአንድ ሰዓት መዘፍዘፍ ይበቃል። ድሬዳዋና መቀሌ ያሉ አንባቢዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ የሚጠጡት የከርሰ ምድር ውሃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ ስለሚመጣ ካልሲየም ይበዛዋል፣ ማንቆርቆሪያውም ቧንቧውም ነጭ ይለብሳሉ። ማንቆርቆሪያን ከአቼቶና ውሃ እኩል በእኩል ሞልቶ ማሞቅ፣ ለግማሽ ሰዓት መተው፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ ንጹሕ ውሃ አፍልቶ መድፋት ነው። ኖራን በሳሙና መፈተግ ከንቱ ድካም ነው።

ፍሪጁ

ፍሪጅ ቀዝቃዛ ስለሆነ ንጹሕ ይመስላል። ሊስቴሪያ የተባለው ባክቴሪያ ግን በ4 ዲግሪ ሴልሺየስም ይራባል፤ በተለይ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለሕፃናትና ለአረጋውያን አደገኛ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከበረዶ ክፍሉ የሚቀልጠው የሥጋ ውሃ ወደ ታች ይወርድና የጎመኑን መሳቢያ፣ የመስታወት መደርደሪያዎቹን የፕላስቲክ ጠርዝና ከኋላ ግድግዳው ግርጌ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ያዳርሳል። ያቺ ቀዳዳ ጤዛው የሚወጣባት ናት፤ ስትደፈን ፍሪጁ ውስጥ ውሃ ይቋጥራል፣ ሽታ ይጀምራል። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ለብ ያለ የሳሙና ውሃ ቀስ ብሎ መግፋት ይከፍታታል። ከቀዳዳዋ የወረደው ውሃ የሚያርፈው በኋላ በኩል ሞተሩ ላይ በተቀመጠች ትሪ ውስጥ ነው፤ ፍሪጅ ከገዙ ጀምሮ ትሪዋን አይተው የማያውቁ ሰዎች ብዙ ናቸው። ሞቃት፣ እርጥብና ጨለማ ስለሆነች በረሮ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመርጣት ስፍራ እሷ ናት።

የበሩ ጎማ እጥፋቶች በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በሳሙና ውሃ ይጸዳሉ፤ በረኪና ጎማውን ያደርቀዋል። ጎማው መያዙን ለማወቅ ወረቀት በሩ ላይ አድርጎ ዘግቶ መሳብ ነው፤ ያለ ምንም መታገል ከወጣ በዚያ በኩል ቅዝቃዜው እየወጣ ነው። በረዶ የሠራ ክፍልን በቢላ መፈልፈል ግን ፍሪጅ ገዳይ ልማድ ነው፤ ከስስ ግድግዳው ጀርባ የማቀዝቀዣው ጋዝ የሚሄድበት ቱቦ አለ፣ አንዴ ከተበሳ ጥገናው ከባድ ነው። ሶኬቱን ነቅሎ በሩን ከፍቶ መጠበቅ ይሻላል። በዚያው አጋጣሚ ከኋላ ያለውን ጥቁር ፍርግርግ በደረቅ ብሩሽ መጥረግ ተገቢ ነው፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው እሱ ስለሆነ አቧራ ሲለብስ ሞተሩ ያለ ዕረፍት ይሠራል።

በረኪና ምን ይሠራል፣ ምን አይሠራም

በረኪና በአብዛኛው 5 በመቶ ገደማ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ያለው ውሃ ነው። ተህዋስያንን ይገድላል፣ ቀለም ያነጣል፤ ቅባት ግን አያነሣም፣ ኖራም አያሟሟም። ከዚህም በላይ ቆሻሻ ሲያገኝ ኃይሉን በቆሻሻው ላይ ይጨርሳል። ስለዚህ ያልታጠበ መክተፊያ ላይ በረኪና ማፍሰስ ነጭ የሆነ፣ ግን ያልጸዳ መክተፊያ ይሰጣል። ቅደም ተከተሉ በሳሙና መፈተግ፣ ማለቅለቅ፣ ከዚያ የተበረዘ በረኪና ነው። ምግብ ለሚነካ ገጽ በአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል በረኪና በቂ ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ በአየር እንዲደርቅ ይተዋል። ፀሐይና ሙቀት ኃይሉን ስለሚያደክሙት፣ የተበረዘውን በዕለቱ መጨረስ፣ ያልተበረዘውን ጥላ ውስጥ ማስቀመጥ ይገባል። የማይዝግ የሚባለውም ብረት ቢሆን በረኪና ሲቆይበት ነቁጥ ነቁጥ እያለ ይበላል።

በረኪና ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከማንኛውም አሲድ ጋር ሲቀላቀል የክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ክሎራሚን ይወጣል። ሁለቱም ሳንባ ይጎዳሉ፣ መስኮቷ ጠባብ በሆነች የኮንዶሚኒየም ወጥ ቤት ውስጥ ደግሞ ለማምለጥ ጊዜ አይሰጡም። በአቼቶ የተሠራ ቦታ ላይ በዚያው ቀን በረኪና አለመንካት ቀላሉ ሕግ ነው።

መክተፊያ በእኛ ቤት የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ጥሬ ሥጋና ክትፎ ስለምንበላ ተህዋስያንን የሚገድል እሳት በመካከሉ አያልፍም። ለሥጋ ብቻ የሚሆን መክተፊያ መለየት ከማንኛውም ማጽጃ ይበልጣል። ፕላስቲኩ ከእንጨቱ ይሻላል የሚለው እምነትም ያን ያህል አያስተማምንም፤ አዲስ ሲሆን በቀላሉ ይጸዳል፣ በቢላ ከተቦጫጨረ በኋላ ግን ጭረቶቹ ተህዋስያንን ይደብቃሉ። ከሁለቱም ጋር ወሳኙ ነገር ከታጠቡ በኋላ በጎን ቆመው መድረቃቸው ነው።

ስፖንጅ ደግሞ ማጽጃ ሆኖ የሚያቆሽሽ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በጀርመን የፉርትቫንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት 14 ያገለገሉ የወጥ ቤት ስፖንጆችን መርምሮ ውስጣቸው በባክቴሪያ የታጨቀ መሆኑን አሳይቷል፤ ባለቤቶቻቸው በየጊዜው እናጸዳቸዋለን ያሏቸው ስፖንጆችም ከሌሎቹ የተሻሉ ሆነው አልተገኙም። ታጥቦ ፀሐይ ላይ የሚሰጣ ጨርቅ ወይም ቶሎ የሚደርቅ ብሩሽ ይሻላል። የብሌንደር ቢላ ሥር ያለችው ቀለበት፣ የግፊት ድስት ክዳን ጎማና የውሃ ጀሪካን አንገት ከዚሁ ወገን ናቸው፤ ተፈትተው፣ ተፈትገውና ደርቀው ካልተመለሱ የሚያሟልጨው ሽፋን በሁለትና በሦስት ቀን ይመለሳል። ጀሪካን እጅ ስለማያስገባ የሳሙና ውሃና የታጠቡ ጥቃቅን ጠጠሮች ከትቶ በኃይል መናጥ ውስጡን ይፍቀዋል፤ ቀጥሎ በደንብ ማለቅለቅና በቀላል የበረኪና ውሃ መጨረስ ነው።

ሸክላ ግን ከዚህ ሁሉ ሕግ ውጭ ነው። ጀበናም ሆነ የጠላ ጋን ሳሙናውንም በረኪናውንም ስለሚጠጣ ጣዕሙን መልሶ ለቡናው ይሰጣል። ለጋኑ ግራዋ፣ ለወተት ዕቃው የወይራ ጭስ የተመረጡት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ሻካራው ቅጠል ይፈትጋል፣ በጭሱ ውስጥ ያሉት ውህዶችም ተህዋስያንን ይገታሉ።

ውሃ የማይነካቸው

የሽሮ፣ የበርበሬና የዱቄት መደርደሪያ በውሃ ሲጀመር ብናኙ ሊጥ ይሆንና ስንጥቁን ይደፍናል፤ ነቀዝም እዚያው ይፈለፈላል። በርበሬ ስለሚያቃጥል ከነቀዝ የሚተርፍ የሚመስላቸው አሉ፤ አይተርፍም። አፍንጫን ሸፍኖ በደረቅ ብሩሽ መጥረግ፣ የስንጥቁን በቀጭን ብሩሽ ማውጣት፣ ከዚያ ብቻ በተጨመቀ ጨርቅ ማበስና ዕቃዎቹ ከመመለሳቸው በፊት ሙሉ በሙሉ ማድረቅ ያስፈልጋል። መሶብም ከስንደዶና ከአክርማ የተሠራ ስለሆነ አይዘፈዘፍም፤ ፍርፋሪው በብሩሽ ተራግፎ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ በክረምት ከግድግዳ ራቅ ብሎ መቀመጥ አለበት።

የጋዝ ምድጃ ካለ የነበልባሉን ቀለም ማየት ነው። ሰማያዊ ካልሆነና ቢጫ እየሆነ ድስቱን የሚያጠቁር ከሆነ የነበልባሉ ቀዳዳዎች በፈሰሰ ወጥ ተደፍነዋል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ሲሊንደሩ ተዘግቶ፣ ክዳኖቹ ተዘፍዝፈው፣ ቀዳዳዎቹ በመርፌ ይከፈታሉ። የእንጨት ስንጥር ውስጡ ስለሚሰበር አይመረጥም። ከዚያ ሲሊንደሩን መልሶ ከፍቶ የጋዙን ጎማ ዙሪያውን በሳሙና አረፋ መቀባት ነው፤ አረፋው ካበጠ ጋዝ ያፈሳል።

ውሃ በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ በሚመጣበት ቤት ይህን ሁሉ በአንድ ቀን መጨረስ አይቻልም፤ አያስፈልግምም። ውሃ በሌለበት ቀን ደረቁን ሥራ፣ ማለትም መደርደሪያውን፣ የፍሪጁን ፍርግርግና የምጣዱን ዙሪያ መሥራት ይቻላል። ውሃ በመጣበት ቀን ደግሞ ከላይ ወደ ታች መውረድ ነው፤ የካቢኔው አናትና ግድግዳው ላይ የተነከረው ጨርቅ እየሠራ ሳለ ማንቆርቆሪያው በአቼቶ ይሞቃል፣ የሊጡ ባልዲ በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ሲፎኑ ወደ መጨረሻው ይፈታል፣ የቆሸሸው ውሃ ሁሉ በእሱ በኩል ስለሚያልፍ። ወለሉ ከሁሉም በኋላ ይታጠባል።